ፊገር አውት፣ ፋይንድ አውት፣ ወርክ አውት፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

ሰላም ቤተሰብ። ሞባይል ጥገና ላይ ነኝ ብለሽ ከደብረ ማርቆስ የጻፍሽልን እህቴ፣ ጥያቄሽ ሸጋ ነው። "ፊገር አውት፣ ፋይንድ አውት፣ ወርክ አውት፣ ሶልቭ ሁሉም በአማርኛ ደረስኩበት ወይ ፈታሁት ነው፣ ኢንተርቪው ላይ የቱን ልበል፣ አሴምብልና ፑት ቱጌዘርስ አንድ ናቸው ወይ" ነው ያልሽው። ከላይ ብዙ ሰው "ሁሉም አንድ ነው አትጨነቂ" ሲልሽ አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ፣ አንድ አይደሉም።

እኔ ፍኖተ ሰላም የውሃ ፓምፕ የምንገጣጥምበትና የምንጠግንበት ሱቅ ነው የምሠራው፣ ማታ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፣ እና እነዚህ ግሶች ቀንም ማታም ከእኔ አይለዩም።

ዋናው ነገር ምን መሰለሽ፣ እኛ "ደረስኩበት" ስንል መድረሳችንን ነው የምንናገረው፣ እንዴት እንደደረስን ግሱ አይናገርም። እንግሊዝኛው ግን መንገዱን ይጠይቅሻል። ከሰው ሰምተሽ፣ አንብበሽ ወይ ሄደሽ አይተሽ ካወቅሽው ፋይንድ አውት ነው። በራስሽ ጭንቅላት ይሄን ከዚያ አገናኝተሽ ከገባሽ ፊገር አውት ነው። አስልተሽ ወይ ደረጃ በደረጃ ሄደሽ ያወጣሽው ከሆነ ወርክ አውት።

በመስኖ ሰሞን እኛ ሱቅ በየቀኑ የሚያጋጥመውን ልንገርሽ። አንድ አባት ፓምፕ አሸክመው ይመጡና "ሞተሩ ይነሳል፣ ውሃ ግን አልስብ አለኝ" ይላሉ። ከመቼ ጀምሮ ነው አባቴ ስትያቸው "ቱቦውን ከቀየርኩ ወዲህ" ይሉሻል። ቱቦው መቀየሩን ከእሳቸው ሰማሽ፣ ይሄ ፋይንድ አውት ነው። ከዛ መሳቢያውን ቱቦ ስትነካኪው ክላምፑ፣ ማለትም ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት፣ በደንብ አልጠበቀም፣ ጣትሽን ስታስጠጊ ይወዛወዛል። እነዚህ ፓምፖች ውስጣቸው መጀመሪያ በውሃ ተሞልቶ ነው የሚነሱት፣ በመሳቢያው በኩል አየር ከገባ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢጮህ ውሃ አይወጣም። ክላምፑ ላላ፣ አየር ገባ፣ ውሃው ቀረ ብለሽ አገናኘሽው፣ ማንም አልነገረሽም፣ ይሄኔ ነው ፊገር አውት የምትይው። ክላምፑን አጥብቀሽ ስትጨርሺ ደግሞ "ለነገ ስንት ሊትር ቤንዚን ልያዝ" ይሉሻል፣ በሰዓት የሚጨርሰውን በሚሠራበት ሰዓት አባዝተሽ ትነግሪያቸዋለሽ፣ ይሄ ወርክ አውት ነው። አንድ ፓምፕ ላይ ሦስቱም መጡ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ፊገር አውትን አሜሪካኖች ያበዙታል፣ እንግሊዞች እዛው ቦታ ላይ ወርክ አውት ማለት ይቀናቸዋል፣ ስለዚህ ሁለቱ ቢቀላቀሉብሽ ማንም አይፈርድብሽም። ፋይንድ አውትን ግን ከሁለቱ ጋር አታቀላቅይው። ወርክ አውት ስፖርት መሥራትም ነው፣ "ኢት ዲድንት ወርክ አውት" ካሉሽ ደግሞ ነገሩ አልሆነም፣ አልተሳካም ማለታቸው ነው።

ሶልቭ ከችግር፣ ከሒሳብና ከእንቆቅልሽ ጋር ነው የሚሄደው። የማስጠናቸው ልጆች ሁሌ "ሶልቭ ዘ ክዌስችን" ይላሉ፣ ክዌስችን የሚደረገው አንሰር ነው፣ ፕሮብሌም ነው ሶልቭ የሚደረገው። ደግሞ እኛ ሒሳብም ፈታሁ ሞተርም ፈታሁ ስለምንል ጠንቀቅ በይ፣ ሞተር ወይ ስልክ ስትፈቺ ቴክ አፓርት ነው እንጂ ሶልቭ አይደለም።

ወደ መግጠሙ ስንመጣ፣ አሴምብል ማለት ተሠርቶ ያለቀ ቁራጭ በካርቶን መጥቶልሽ በማኑዋሉ መሠረት ስትገጣጥሚው ነው፣ የፋብሪካና የማኑዋል ቃል ነው፣ ጠንከር ይላል። ፑት ቱጌዘር ያንኑ ሥራ በተራ ወሬ የምትናገሪበት ነው፣ ግን ክልሉ ሰፊ ነው፣ ሪፖርትም ዕቅድም ቡድንም ፑት ቱጌዘር ይደረጋል። ከጥሬ ዕቃ ተነስተሽ ከሠራሽው ቢልድ ነው። የተገጠመውን ፓምፕ ወንዝ ዳር ወስደሽ ቱቦውን ዘርግተሽ ለሥራ ዝግጁ ስታደርጊው ሴት አፕ ነው። ከዚህም ከዚያም የሰማሽውን ወሬ ቀጣጥለሽ ምን እንደተፈጠረ ስታውቂ ደግሞ ፒስ ቱጌዘር ይባላል፣ ፖሊስና ጋዜጠኛ ያዘወትሩታል።

አሁን በጣም የማሳስብሽ ነገር፣ የ"ኢት" ቦታ። "ፊገር ኢት አውት"፣ "ፑት ኢት ቱጌዘር" ነው የሚባለው፣ "ፊገር አውት ኢት" ፈጽሞ አይባልም። ኢት፣ ዜም፣ ዚስ የመሳሰሉት መሀል ይገባሉ። ስም ከሆነ ግን መሀልም መጨረሻም ይሆናል፣ "ፑት ዘ ፓምፕ ቱጌዘር" ብትይም "ፑት ቱጌዘር ዘ ፓምፕ" ብትይም ልክ ነሽ። ስትናገሪ ደግሞ ጫናውን አውት ላይ አድርጊው፣ ወርክ ላይ ከጫንሽው ስለ ስፖርቱ የምታወሪ ይመስላል። ፑት ኃላፊ ጊዜውም ያው ፑት ነው፣ ፑትድ የሚባል የለም።

ሞባይል ጥገና ላይ ነኝ ስላልሽ ኢንተርቪው ላይ ይሄን ብትይ ደስ ይለኛል፦ "አይ ፋውንድ አውት ፍሮም ዘ ከስተመር ዛት ዘ ፎን ሃድ ፎለን ኢን ዎተር። አይ ቱክ ኢት አፓርት፣ ፊገርድ አውት ዋት ዎዝ ሮንግ፣ ኤንድ ፑት ኢት ባክ ቱጌዘር።" ስልኩ ውሃ ውስጥ መውደቁን ከደንበኛው ሰማሁ፣ ፈታሁት፣ ችግሩ ምን እንደሆነ ደረስኩበት፣ መልሼም ገጠምኩት ማለትሽ ነው። ባክ የገባችው ፈትተሽ መልሰሽ ስለገጠምሽው ነው፣ አዲስ ከካርቶን ብታወጪው ባክ አያስፈልግም። የራስሽን ዓረፍተ ነገሮች እዚሁ ሥር ጻፊልኝ፣ ዛሬ ማታ ልጆቹን ከሸኘሁ በኋላ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።