«አሳርፋችኋለሁ» ያለው እኔንም ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሥራዬ ነርስነት ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አዳር አለብኝ። አጽዋማቱን እጾማለሁ። ንስሐ አባት አለኝ፣ የሰጡኝን ቀኖናም ጨርሻለሁ። ግን ውስጤ አያርፍም። አዳር ሆኜ ውዳሴ ማርያም ሳልደግም ከቀረሁ በማግሥቱ የሁለቱን ቀን አንድ ላይ እደግማለሁ። ሳምንቱ ከተበላሸብኝ ደግሞ እሑድ ማታ ልጆቹን አስተኝቼ 41 እሰግዳለሁ። መጽሐፉን እንደያዝኩ እንቅልፍ ይጥለኝና ደንግጬ ስነቃ አለቅሳለሁ። ጌታ «እኔም አሳርፋችኋለሁ» ያለው ለማን ነው? ወይስ ዕረፍት የሚባለው ሲሞቱ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። እንዲህ ብለሽ መጠየቅሽ አይገርምም። ቋንቋችን ራሱ ወደዚያ ይወስዳል። ሰው ሲሞት «ዐረፈ» እንላለን። ነሐሴ 24 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ዕረፍት እናከብራለን። ትክክል ነው፤ ቅዱሳን ከድካማቸው ያርፋሉ፣ ፍጹሙም ዕረፍት ገና ከፊታችን ነው። ጌታ ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይ «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ፥ ወደ እኔ ኑ» ሲል የሚሰሙት ሰዎች በሕይወት ያሉ ነበሩ። በማግሥቱ ተነሥተው መረብ የሚጥሉ፣ እርሻ የሚወርዱ፣ ሊጥ የሚያቦኩ። እንዳንቺ ያሉ ሰዎች።

ሸክም ያለውን ደግሞ ልብ በዪልኝ። የኑሮም የኃጢአትም ሸክም አለ። ግን ሌላም አለ። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 23 ስለ ጻፎችና ፈሪሳውያን ሲናገር «ከባድና አስቸጋሪ ሸክም ተብትበው በሰው ትከሻ ይጭናሉ» ይላል። ለማሳረፍ የተሰጠው ነገር በሰው እጅ ሸክም ይሆናል ማለት ነው። አንዳንዴ የሚጭንብን ሌላ ሰው ነው። አንዳንዴ ደግሞ እኛው ራሳችን ተብትበን እንሸከመዋለን። ደብዳቤሽን ሳነብ ያየሁት ይህን ሁለተኛውን ነው።

«አሳርፋችኋለሁ» ካለ በኋላ ምን እንደሚመጣስ አይተሻል? ምዕራፍ 11 ያልቅና 12 ወዲያው በሰንበት ይጀምራል። ደቀ መዛሙርቱ ርቧቸው እሸት ቀጥፈው ሲበሉ ይከሰሳሉ። ቀጥሎ እጁ የሰለለችው ሰው ይፈወሳል፤ ጌታም «በሰንበት መልካም መሥራት ተፈቅዶአል» ይላል። እሑድ ሌሊት ተረኛ ሆነሽ የታማሚ ትራስ ስታስተካክዪ ይህን ቃል አስቢው። እዚያም እግዚአብሔር አለ።

አሁን ወደ ቀንበሩ ልምጣ። ሰው ሁሉ «አሳርፋችኋለሁ» የሚለውን ይወድና «ቀንበሬን በላያችሁ ተሸከሙ» ላይ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። ዕረፍት ሰጥቶ መልሶ ቀንበር? እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ቀንበር ሲጠርብ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ከመጥረቢያው በኋላ በቢላ ይፍቀዋል፣ ከዚያ በጠርሙስ ስባሪ። በሬው ጫንቃ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በመዳፉ ይዳብሰዋል። ትንሽ ሻካራ ነገር እጁን ከነካው «ይሄ ይልጠዋል» ይልና እንደገና ይፍቃል። ለእኔ ያለቀ ይመስለኝ ነበር፤ ለእሱ አላለቀም። ያልለሰለሰ ቀንበር የበሬውን ጫንቃ ያቆስለዋላ! በሬው በሥራው ሳይሆን በቁስሉ ይደክማል። ጌታ «ቀንበሬ ልዝብ» ያለው ይህ ነው። ለጫንቃሽ ታስቦ የተፋቀ ነው። ስለዚህ የያዝሽው መንፈሳዊ ሥራ በየቀኑ የሚልጥሽ ከሆነ፣ የተሸከምሽው የእርሱን ቀንበር ነው ወይስ ራስሽ የጠረብሽውን? ይህን ጠይቂ።

ደግሞ ቀንበር ለአንድ በሬ አይሠራም። ገና የሚገራ ወይፈን ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል። ሞፈሩን በጉልበቱ የሚስበው የለመደው ነው። ወይፈኑ መጀመሪያ የሚማረው እርምጃውን ነው፤ ወደፊት አለመሮጥ፣ ወደኋላ አለመጎተት። «ከእኔም ተማሩ» ያለው ከቀንበሩ ጋር አያይዞ ነው። አንቺ ግን ብቻሽን ልትስቢው እየሞከርሽ ነው፣ እኅቴ። ማልቀስሽ አይደንቀኝም።

ዕረፍት ሁሉን ጨርሰን የምንቀበለው ደሞዝ አይደለም። አዳም የተፈጠረው ዓርብ ነው። ሙሉ ሆኖ ያየው የመጀመሪያ ቀን ሰንበት ነበረ። አንድ ትልም ሳያወጣ በዕረፍት ጀመረ። ሥራው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም እሑድን የሳምንቱ መጀመሪያ አድርገን ነው የምንቀድሰው።

እንግዲህ ወደ ቤትሽ እንግባ።

ውዳሴ ማርያም ከሰኞ እስከ እሑድ በየዕለቱ የተከፈለ ነው። የሰኞው አልፎሽ ከሆነ ማክሰኞ የማክሰኞውን ድገሚ። ጸሎትን እንደ ሱቅ ዱቤ በደብተር አትያዢው። ይህን ስል ጸሎት ተዪ ማለቴ እንዳይደለ ታውቂያለሽ። ለአዳር ቀንና ለዕረፍት ቀን የሚሆን ልክ እንዲያወጡልሽ ንስሐ አባትሽን ለምኛቸው። ሰዓትሽን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ብዙ ጊዜ አናውቅም፤ ካልነገራችሁን በምን እናውቃለን?

የእሑዱ ስግደት ግን ይቅር። የንስሐና የቀኖና ስግደት በሰንበት አይሰገድም። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት በመጨረሻው ድንጋጌያቸው በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ቆመን እንድንጸልይ ወስነዋል፤ የትንሣኤ ቀን ነውና። በእነዚያ 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አንጾምም። ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን ታውቃለች። ዕረፍቱን በሥርዓቱ ውስጥ አስቀምጣልሻለች፤ አንቺ ግን በጓሮ በር ወጥተሽ ትሠሪያለሽ።

ስለ ንስሐሽ። ቀኖና ለኃጢአት የሚከፈል ዋጋ አይደለም፤ ዋጋውን የከፈለው ክርስቶስ በመስቀል ላይ ነው። ቀኖና መድኃኒት ነው። አንቺ የጤና ባለሙያ ነሽ፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ በየማታው ፋሻውን እየፈታ የሚነካካ ታማሚ ቢኖርሽ ምን ትዪዋለሽ? «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ከተባልሽ ተፈተሻል።

እና አንድ ነገር። ጾሙን ጻፍሽ፣ ጸሎቱን ጻፍሽ፣ ስግደቱን ጻፍሽ። ስለ ቅዱስ ቁርባን ግን አንድም ቃል የለም። ምናልባት ዘንግተሽው ይሆናል። ግን ቀኖናቸውን ጨርሰው ዓመታት የሚቆዩ ብዙ ምእመናን አውቃለሁ፤ «ገና አልበቃሁም» ይላሉ። ይህ ነገር ልቤን ያሳምመዋል። ታጥበሽ፣ ለብሰሽ፣ ድግሱ ቤት ደርሰሽ በሩ ላይ መቆም ነው። ቀኖናው የተሰጠሽ እኮ እንድትገቢ ነው! ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ በእኔ ይኖራል እኔም በእርሱ እኖራለሁ» ብሏል። የምትፈልጊው ዕረፍት ይሄው ነው፤ በእርሱ መኖር። ከንስሐ አባትሽ ጋር ቀን ምረጡ። የ18 ሰዓቱ ጾም እንዳይከብድሽ ዋዜማው አዳር የሌለብሽ ቀን ይሁን። ልጆችሽንም ይዘሻቸው ቅረቢ።

ስለ እንቅልፉ አትፈሪ። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ወድቆ «ነፍሴን ውሰድ» ሲል እግዚአብሔር አልገሠጸውም። አስተኛው። መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በልቶ ጠጥቶ መልሶ ተኛ፤ ሁለተኛ ቀስቅሶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። ወደ ኮሬብ 40 ቀን የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ጌታችንም ራሱ በታንኳ ውስጥ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል፤ ማዕበል እያለ። መጽሐፉን እንደያዝሽ እንቅልፍ ቢጥልሽ በእናትሽ ቤት እንደተኛሽ ቁጠሪው።

ለቅሶው ከቆየ፣ እንቅልፍ ባለበት ቀን እንኳ እምቢ ካለሽ፣ ምግብም ካስጠላሽ ግን ሐኪም አማክሪ። አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ጠበል መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ አይጣሉም።

በሚቀጥለው አዳርሽ ጠዋት ቤት ስትገቢ ጫማሽን አውልቂ፣ በመስቀል ምልክት አማትቢ፣ «አቡነ ዘበሰማያት» በይና ተኚ። ስትነቂ መዝሙረ ዳዊትሽን ገልጠሽ 114ኛውን አንብቢ፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 116 ላይ ነው። «ነፍሴ ሆይ፥ ወደ ዕረፍትሽ ተመለሺ፥ እግዚአብሔር መልካም አድርጎልሻልና» ይላል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ገብተው ከሆነ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ እነሱም ይስሙት።