ከቡድን መሪው ቦርሳ

ልጄ፣

ይህን የምጽፍልህ ጎል አግብቼ ስለማውቅ አይደለም። በወጣትነቴ ተከላካይ ነበርኩ፤ ያውም ቀርፋፋ። ከዚያ በኋላ ግን ከሃያ ዓመት በላይ በቡድን መሪነት ሠርቻለሁ። አሰልጣኙ ስለ ኳሱ ያስባል። ወጌሻው ስለ ጉልበትህ ያስባል። ቡድን መሪ የቀረውን ሁሉ ነው የሚይዘው፦ ሆቴል፣ አውቶብስ፣ ማልያ፣ ቴሴራ (የተጫዋች መታወቂያ ካርድ)፣ የቢጫ ካርድ ቆጠራ፣ የክስ ደብዳቤ። አንዲት ጥቁር ቦርሳ ነበረችኝ። ልጆቹ «የጋሼ ቢሮ» ይሏት ነበር። ዚፏ ከተበላሸ ቆይቷል። አሁንም ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጣለች፤ ባለቤቴ ልትጥላት ስትል እየተጣላን።

ኳስ እንዴት እንደሚመታ ሌላ ሰው ይምከርህ። እኔ የምነግርህ ከዚያች ቦርሳ ውስጥ ያየሁትን ነው።

በመጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ከታዳጊ ቡድናችን ወደ ዋናው አደገ። ስሙን አልጠራም፤ የክለቡንም እንደዚሁ። ግራ እግሩ ልዩ ነበር። ውል ሊፈርም የመጣ ቀን የታላቅ ወንድሙን ኮት ለብሶ ነበር፤ እጅጌው ጣቶቹን ይሸፍነዋል። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቦታ ባዶ ነበር። አንዱ ደመወዙ፣ ሌላው ውሉ የሚያበቃበት ቀን። «በኋላ ይሞላል» ተባለ። በቃል የተስማማነው ለሁለት ዓመት ነው። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም እስክሪብቶውን ሰጥቼ «ፈርም፣ ፈርም፣ አውቶብሱ እየጠበቀን ነው» አልኩት። ሦስት ኮፒ ፈረመ። ሦስቱም ክለቡ ጋ ቀሩ።

በዓመቱ ልምምድ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በዚያው ሰሞን የክለቡ አመራር ተቀይሯል። አዲሶቹ ሰዎች ፋይሉን ከፈቱ። ባዶው ቦታ ተሞልቷል። የውሉ ዘመን አንድ ዓመት ይላል፤ እሱም አልቋል። ስብሰባ ላይ ተነስቼ የማውቀውን ተናገርኩ። አዳመጡኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን አልሰፈረም። ልጁ ሻንጣውን ይዞ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያች ከተማ ሳልፍ አገኘሁት። ባጃጅ ይነዳል። አልወቀሰኝም። ማኪያቶ ጋብዞኝ ሒሳቡን እኔ ልክፈል ብዬ ብታገል ብታገል እንቢ አለ። ከወቀሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ውል ሲቀርብልህ ቁጭ በል። ሰዎቹ ይቸኩላሉ፤ ሁሌም ይቸኩላሉ። የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ነው ይሉሃል፣ ፎቶ አንሺው መጥቷል ይሉሃል። ይጠብቁ። ባዶ ቦታ ካለ አትፈርም። ባዶው የማይመለከትህ ከሆነ በላዩ መስመር ይሰመርበት። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደምትጫወት በቀን፣ በወርና በዓመት ይጻፍ። በዓመተ ምሕረት ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠርም ይለይ፤ በዚህ ብቻ ሲጨቃጨቁ አይቻለሁ። ከተጎዳህ ማን ያሳክምሃል? ስትታከም ደመወዝህ ይቀጥላል? ይህቺ መስመር ከደመወዙ ቁጥር በላይ ናት። ከዚያ አንዱን ኮፒ ይዘህ ውጣ። እኛ ዘመን ፎቶ ኮፒ ፍለጋ ፒያሳ ድረስ እንሄድ ነበር። አንተ ኪስህ ውስጥ ስልክ አለ። እዚያው አንሳውና ለእናትህም ላክላት።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር። ድሮ ወሬው ሁሉ ስለ ፊርማ ገንዘብ ነበር። «እገሌ ይህን ያህል ፈረመ» ይባል ነበር፤ የወር ደመወዙን የሚጠይቅ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣራ ወጣ። ጣራው ሲወጣ ምን እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ወረቀቱ ላይ 50 ሺህ፣ ከወረቀቱ ውጪ ደግሞ ሌላ። ተጫዋቹም ብልጥ የሆነ ይመስለዋል። ወራቱ አልፈው ክፍያው ሲቆም ግን ፌዴሬሽን ሄደህ የምትከሰው በወረቀቱ ነው። ያኛው ገንዘብ የለም። ኖሮም አያውቅም። የሰጠህ ሰውዬ ራሱ ስልክህን አያነሳም። በቃል የተሰጠህን ከወረቀቱ ላይ ካጣኸው እንዳልተሰጠህ ቁጠረው።

«ክለቡ ትልቅ ነው፣ ምን ይሆናል?» ትለኝ ይሆናል። ፕሪሚየር ሊጉ አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው በ1990 ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው መብራት ኃይል ነበር። ያ ቡድን ሲወርድም፣ ሲመለስም፣ መልሶ ሲወርድም አይተናል። ደደቢት በ2005 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2011 ወረደ። ጅማ አባ ጅፋር ከታች ባደገ በዓመቱ፣ በ2010፣ ዋንጫውን ወሰደ። ጅማ ያን ዕለት እንዴት እንደነበረች ያየ ያውቃል። በ2014 ተሰናበተ። ቅዱስ ጊዮርጊስን የመሰለ ከ1928 ጀምሮ የቆመ ክለብ ስንት አለን? አብዛኞቹ ክለቦቻችን ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም በጀት የሚኖሩ ናቸው። ከንቲባ ሲቀየር፣ ሥራ አስኪያጅ ሲነሳ፣ በጀት ሲታጠፍ ቡድኑ ይናጋል። አንተ ጎል አግብተህም ቢሆን። ይህን የምለው ክለብህን እንዳትወድ አይደለም። ውደደው። ማስረጃህን ግን እሱ ጋ ብቻ አታስቀምጥ።

ደመወዝ ሲዘገይ ልጆቻችን ሁለት ነገር ነው የሚያውቁት፦ ዝም ማለት ወይም ልምምድ ማቆም። ልምምድ ስታቆም ጥፋቱ ወዲያው ያንተ ይሆናል። «ከሥራ ቀረ» ብለው ይጽፉብሃል። ሦስተኛው መንገድ ደብዳቤ ነው። ፊፋ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በዝውውር ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገብቷል። ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ በጊዜው ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ የ15 ቀን ጊዜ ይሰጣል። ካልተከፈለ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አለው። እዚህ አገር ክርክሩ የሚታየው በፌዴሬሽኑ ደንብ ስለሆነ መጀመሪያ ደንቡን የሚያውቅ ሰው አማክር። ደብዳቤውን ግን ጻፍ። መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ማኅተም ይረፍበት። ልምምድህንም እየሠራህ።

ወረቀት ቀላል የሚመስለው ካለ ሰኔ 2005ን ያስታውስ። አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው፤ ምድባችንን የጨረስን መሰለን። ከተማው በመኪና ጡሩምባ ተናወጠ። እኔም ጃኬቴን አውልቄ ሳውለበልብ ነበር፣ በዚህ ዕድሜዬ። በዚያው ዕለት ፊፋ ጉዳይ እያጣራ እንደሆነ ተሰማ። ከሳምንት በፊት ቦትስዋናን ስናሸንፍ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ተሰልፎ ኖሯል። ነጥቡ ተነጠቀ፣ ጨዋታው 3 ለ 0 ለቦትስዋና ተሰጠ። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ጳጉሜን ላይ ብራዛቪል ሄደን መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 ባናሸንፍ ኖሮ ያ ሁሉ ልፋት በአንዲት ቢጫ ካርድ ይቀር ነበር። ሰው ሁሉ ተጫዋቹን ጠየቀ። እኔ ያን ሌሊት ቦርሳዬን ከፍቼ የራሴን ልጆች ካርድ ስቆጥር አደርኩ። አንተም የራስህን ቁጠር። ቡድን መሪህ ሊረሳ ይችላል። እኔም ረስቼ አውቃለሁ።

ወደ ዕድሜ ልምጣ። ይህ ያሳዝናል፤ ያስቃልም። በእኛ ኳስ እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ዕድሜ አለው ይባላል፤ እናቱ የምታውቀውና ቴሴራው የሚያውቀው። በእጄ ያለፈ አንድ ልጅ ነበር። በቴሴራው መሠረት ታናሽ ወንድሙ በሁለት ዓመት ይበልጠዋል። ስንስቅበት ኖረን ስንስቅበት ቀረን። ፊፋ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያያል። አጥንት ደግሞ አይዋሽም። ከምርመራ ክፍል አንገቱን ደፍቶ የወጣ ልጅ ይዤ ወደ ቤቱ ሄጃለሁ። አባቱ ምን ነካው ሲሉኝ የምለው አጣሁ። ዕድሜህን የሚቀንስልህ ሰው ውለታ የዋለልህ ይመስልሃል። ቀን ቆጥሮ ግን በዚያች ወረቀት መልሶ ያስፈራራሃል፤ ውልህን ልታድስ ወይም ልትለቅ ስትል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከ2013 ወዲህ ሊጉ በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር ውድድሩ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞር ሆነ። ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። ክለቦች ሁሉ አንድ ከተማ ይሰፍሩ፣ ሳምንታት ይቀመጡ፣ ከዚያ ይነሱ ነበር። የእኔ የመጨረሻ ዓመታት በዚህ አለፉ። ስለ ሆቴል ኑሮ ማንም አይነግርህም። ልምምዱ ሁለት ሰዓት ነው። የቀረው ሃያ ሁለት ሰዓት አልጋና ስልክ ነው። ብዙ ልጅ ያበላሸው ሜዳው ሳይሆን ያ ሃያ ሁለት ሰዓት ነው። ቤቲንግ የሚገባውም በዚያ በኩል ነው። ሊጉ ራሱ የቤቲንግ ኩባንያ ስም ይዞ ስለተጫወተ ነውር አይመስልህም ይሆናል። ለተመልካቹ የተፈቀደ ለአንተ የተከለከለ ነው። የፊፋ የሥነ ምግባር ደንብ በእግር ኳስ ላይ መወራረድን ለተጫዋች ይከለክላል። በጓደኛህ ስልክም ቢሆን፣ በመቶ ብርም ቢሆን። «ዛሬ ማን ይሰለፋል?» ብሎ የሚጠይቅህ ያገርህ ልጅ ለምን እንደጠየቀህ አስብ።

በዚያ ሰዓት ተማር። የርቀት ትምህርት አለ፣ የማታ አለ። የሆቴል ክፍሉ ውስጥ ሒሳብ ሲሠራ ያገኘሁት በረኛ ዛሬ ባንክ ነው ያለው። ሲያየኝ ይነሳልኛል። ወረፋም አያስጠብቀኝም፤ ይህን እንኳ ባልናገር ይሻል ነበር።

አንቺም ልጄ፣ ይህ ሁሉ ይመለከትሻል፤ ያንቺ ደግሞ ይብሳል። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ስትጫወት አይተሻል። የሴቶቹ ውል ግን ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ ገንዘቡም ትንሽ። ከታኅሣሥ 2013 ጀምሮ የፊፋ ደንብ ቢያንስ የ14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ከደመወዝ ሁለት ሦስተኛ ጋር ደንግጓል። ክለብሽ ይህን ላያውቅ ይችላል። አሳዪው።

አቡበከር ናስርን ሁላችሁም ትወዱታላችሁ፤ እኔም እወደዋለሁ። በ2013 ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚያ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ገባ። ጉዳት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከሜዳ አራቀው። 29 ጎል ያገባን ጉዳት ካልማረው፣ አምስት ያገባኸውን ይምርሃል ብዬ አላስብም። ታኬታህን ስታስር ስለዚህ አታስብ። እስክሪብቶ ስትይዝ ግን አስብ።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሊሻገር ነው። አላውቀውም፤ ቁጥሬን ከአጎቱ ነው ያገኘው። ውሉን በስልክ እያነበበልኝ ነው። አራተኛው አንቀጽ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ባዶ ነው።»

«ምን ይላል ከፊቱ?»

«ውሉ የሚያበቃበት ቀን።»

ጉሮሮዬ ደረቀ። ከጀርባው የሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ የመኪና ሞተርም።

«ሰውዬው እየቸኮለ ነው ጋሼ። መኪና ቆሞ እየጠበቀን ነው ይላል።»

«ይጠብቅ በለው» አልኩት።

ሃያ ደቂቃ ጠበቀ።