ከጣና ዳር እስከ ያፕ፦ ስለ ስኩባ ለጠየቃችሁኝ

ያፕ ደሴት ሄጄ ስኩባ እንደጠለቅሁ፣ ማለትም የመተንፈሻ ጋን ተሸክሜ ባሕር ውስጥ እንደገባሁ ከተሰማ ወዲህ ባሕር ዳር ውስጥ ሻይ እንኳ በሰላም መጠጣት አልቻልኩም። ጥያቄዎቻችሁን እዚሁ ልመልስ።

ያፕ የት ነው? ምን አደረሰህ?
ማይክሮኔዥያ በምትባል የፓስፊክ ደሴቶች አገር ውስጥ ነው፤ ከፊሊፒንስ በስተምሥራቅ። ያደረሰኝ ማንታ ነው። ክንፉ ሦስትና አራት ሜትር የሚሰፋ ጠፍጣፋ ዓሣ። ትንንሽ ዓሦች ገላውን የሚያጸዱለት ቦታ አለ፤ እዚያ ታች ዝም ብለህ ትጠብቃለህ። ሲመጣ ጥላው ይሸፍንሃል።

ጣና ላይ መለማመድ አይቻልም?
ተወው። ውሃው ድፍርስ ነው፣ ቢልሃርዝያም አለበት። መዋኛ ገንዳ ይሻልሃል። ለመጀመሪያው ኮርስ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ይጠየቃል። ለኛ የሚመቸው ባሕር ጅቡቲ ነው።

ልጄ፣ ያ የምትሸከመው ኦክስጅን ቢያልቅብህስ?
እማማ፣ ኦክስጅን አይደለም፤ ተጨምቆ የገባ ተራ አየር ነው። ንጹሕ ኦክስጅንማ ከ6 ሜትር በታች ራሱ መርዝ ይሆናል። ደግሞ መለኪያ አለው፣ አብሮኝ የሚጠልቀውም ትርፍ መተንፈሻ ይይዛል። አይስጉ።

ከጠለቁ በኋላ አይበረርም የሚባለው እውነት ነው?
እውነት ነው፤ ለኛ ደግሞ ይብሳል። 10 ሜትር ስትወርድ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። በዚያ ግፊት ከምትተነፍሰው አየር ናይትሮጅን ደምህና ሥጋህ ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ወደ ሳሳ አየር ከወጣህ አምቦ ውሃ ሲከፈት እንደሚሆነው ነው፤ አረፋ ይሠራል፣ አረፋው ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ቀናት የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር ይቆያል። ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ከጅቡቲ በመኪና ሽቅብ መምጣትም ያው መብረር ነው። «እኔ በመኪና ነኝ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል!

ቪዛስ?
ከባዱ እሱ ነው። የተለመደው በረራ በጓም በኩል ነው፤ ጓም ደግሞ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ለማለፍም የአሜሪካ ቪዛ ትፈልጋለህ።

ገንዘባቸው ድንጋይ ነው አሉ?
ሱቅ የምትገዛው በዶላር ነው። ለጋብቻ፣ ለእርቅ፣ ለመሬት ግን መሐሉ የተበሳ ክብ ድንጋይ አላቸው። የተጠረበው ፓላው በምትባል ሌላ የደሴቶች አገር ነው፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በባሕር ተጭኖ መጣ። ትልልቁ ከሦስት ሜትር ስለሚበልጥ ከቦታው አይነሳም፤ የሚቀየረው ባለቤቱ ብቻ ነው። አንዱ መንገድ ላይ ባሕር ገባ ይባላል። አብረው የነበሩት ስለመሰከሩ ባለቤቱ ሀብታም ሆኖ ቀረ። የኛ ሽማግሌዎች ቢሰሙ ይስማሙበታል።

ሴት ብትሄድ ምን ትልበስ?
ጭንሽ ይሸፈን፤ እነሱ ዘንድ ነውሩ እሱ ነው። ባህላዊ ልብሳቸው ደረትን አይሸፍንም፣ እንዳትደነግጪ። መንደር ስትገቢ አስፈቅጂ፣ በእጅሽ ቅጠል ያዢ፤ በሰላም መጣሁ ማለት ነው። ጣና ላይ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አትገባም ስትባዪ ጀልባው ላይ እንደምትጠብቂው ሁሉ፣ የቦታውን ደንብ ማክበር ነው።

ዋና አልችልም። ልምጣ?
መጀመሪያ ዋና!