መልስ፦ አራተኛዋ የጁፒተር ጨረቃ የት ገባች?

ትናንት ማታ በባይኖኩላር አራት ሆነው ያዩዋቸው የጁፒተር ጨረቃዎች ዛሬ ሦስት ብቻ የሆኑብዎት መሣሪያዎ ተበላሽቶ ሳይሆን፣ አንዷ ከፕላኔቷ ጀርባ ወይም ከጥላዋ ውስጥ ስለገባች፣ አለዚያም ከፊቷ እያለፈች በድምቀቷ ስለተዋጠች ነው።

ከአራቱ ቶሎ ቶሎ የምትሰወረው አዮ ናት፤ ጁፒተርን በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለምትዞር፣ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይተው ደግመው ቢመለከቱ ብቅ ብላ ልትጠብቅዎት ትችላለች። አንድ ዙር ለመጨረስ 17 ቀን ገደማ የሚፈጅባት ካሊስቶ ግን በአንድ ሌሊት ቦታዋን እምብዛም አትለውጥም።

ሲቆጥሩ ግን ይጠንቀቁ። እኔ ከበስተኋላ ያለን ኮከብ ከጨረቃዎቹ አንዷ አድርጌ በመቁጠሬ የሁለት ሌሊት ንድፌ ተበላሽቶብኛል። አራቱ ጨረቃዎች በጁፒተር ግራና ቀኝ በአንድ መስመር ላይ ስለሚሰለፉ፣ ከመስመሩ ርቆ የሚታየውን ነጥብ አይቁጠሩት።