ቱቦ ውስጥ የተቀበረ ኬብል ስንት አምፔር ይሸከማል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ ስለ 25 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) የመዳብ ኬብል ሁለት ሻጮች ሁለት የተለያየ አምፔር ነገሩኝ። የማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሽቦውን ሽፋን ዓይነት ይጠይቋቸው። በአይ ኢ ሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደረጃ አውጪ ድርጅት) ሰንጠረዥ መሠረት ቱቦ ውስጥ የተቀበረ ባለ 3 ፌዝ ኬብል ሽፋኑ ፒቪሲ (ተራው ፕላስቲክ) ከሆነ 82፣ ኤክስ ኤል ፒ ኢ (ሙቀት ይበልጥ የሚችል ፕላስቲክ) ከሆነ 96 አምፔር ይሸከማል። የመጀመሪያው እስከ 70፣ ሁለተኛው እስከ 90 ዲግሪ ሙቀት ይችላል። ቁጥሮቹ ግን መሬቱ 20 ዲግሪ ሆኖ ኬብሉ ብቻውን ሲቀበር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምሠራው ቆላ ነው። መሬቱ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሦስት ቱቦዎችም ተነካክተው ይቀበራሉ።

መልስ፦ ኬብልዎ ኤክስ ኤል ፒ ኢ ከሆነ 96ን ለሙቀቱ በ0.93፣ ለሦስቱ ቱቦዎች በ0.75 ያባዙ፤ 67 አምፔር ይቀራል። ከ96 ወደ 67! ይህን ሳያሰሉ 80 አምፔር ብሬከር የሚያስሩ ባለሙያዎች ያሳስቡኛል፤ ኬብሉ ሲጋል ብሬከሩ ዝም ይላልና። 63 ይሰሩለት።

ጥያቄ፦ ድንጋይ ስላስቸገረን የቆፈርነው 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አቅሙ ይቀንሳል?

መልስ፦ ብዙዎች እንደሚቀንስ ያስባሉ። በስሌቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ለመውጣት የሚያቋርጠው አፈር ስለሚያጥር አቅሙ በጥቂቱ እንዲያውም ይጨምራል። አደጋው ሌላ ነው፦ ከላይ ያለው አፈር በፀሐይ ይግላል፣ በበጋም ቶሎ ይደርቃል፤ ደረቅ አፈር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። አንድ ወፍጮ ቤት ኬብሉ ተቃጥሎ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ቦታው ዋልካ ነው። ስንቆፍር ከቱቦው ጎን ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘን፤ አፈሩ ከቱቦው ተላቅቆ ሸሽቷል። የኬብሉ ሽፋን ቡናማ ሆኖ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈር ነበር። ወፍጮው ክረምቱን ሙሉ ያለ ችግር ሠርቷል፤ የተቃጠለው ሚያዝያ ላይ ነው። ስለዚህ ዋልካውን አውጥታችሁ በቱቦው ዙሪያ የተጠቀጠቀ አሸዋማ አፈር ሙሉ፤ ስሌቱንም በበጋው አፈር ሥሩ። ከላይ የኮንክሪት ንጣፍና የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ አኑሩበት፤ 40 ሳንቲ ሜትር ለዶማ ቅርብ ነው።

ጥያቄ፦ ቱቦውን ትቼ በቀጥታ ብቀብርስ?

መልስ፦ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ስለሚቀር አቅሙ ይሻላል። ነገር ግን የብረት ጋሻ ያለው ኬብል ይግዙ፤ ሲበላሽም ስቦ ማውጣት እንደሌለ ያስቡበት።