ሞተሩ ይጮኻል፣ ስኩተሩ አይወጣም

የዛሬው ጥያቄ ከጣሊያን፣ ከቦሎኛ ከተማ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ጋሼ። ቦሎኛ ዳር ባለ መጋዘን ነው የምሠራው። ያገለገለ 125 ስኩተር አለኝ። አውቶማቲክ ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ካርቡራቶር ያለው። 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ከተማ ውስጥ ምንም አይለኝም። ቅዳሜና እሁድ ግን ባለቤቴን አፈናጥጬ ገጠሩን መዞር እወዳለሁ። በፉታ የተራራ መተላለፊያ በኩል ወደ ፊሬንዜ ስንወጣ ታዲያ ጉልበቱ ይጠፋል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን ይወርዳል። የተቃጠለ ጎማ ይሸተናል። ሃያ ደቂቃ ካረፈ በኋላ ይመለሳል። ጋራዥ ወስጄው ካርቡራቶሩን አጸዱልኝ፣ ካንዴላም ቀየሩ። ለውጥ የለም። በኦገስት እስከ ሲዬና ልንሄድ አስበናል። ልሽጠው ወይስ ይድናል?»

ይድናል ወንድሜ። አትሽጠው። እስኪሠራ ድረስ ግን ባለቤትህን ይዘህ ተራራ አትውጣ። ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

ከጻፍከው ሁሉ ትልቁ ነገር «ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን ይወርዳል» ያልከው ነው። ሞተሩ ጉልበት አላጣም። ጉልበቱ ጎማው ጋ እየደረሰ አይደለም። ካርቡራቶር ቢሆን ኖሮ ድምፁም አብሮ ይወርድ ነበር። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ያስላል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል እንጂ አይጮኽም። ጋራዡ ሞተሩን ብቻ አይቶ ነው የሸኘህ። ችግርህ በግራ በኩል ባለው ረጅም የጎን ክዳን ውስጥ ነው፤ ቺንጋው (ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚያደርሰው የጎማ ቀበቶ)፣ ቫሪያቶሩ (በማርሽ ፋንታ የሚሠራው ክፍል) እና ፍሪሲዮኑ ያሉበት ቦታ።

እዚህ ላይ ሌሎች አንባቢዎችም ይጠቀሙ። ረጅም መንገድ ላይ ስኩተር ሲደክምባችሁ መጀመሪያ ጆሯችሁን ስጡት። ድምፁ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ከቀነሰ መንሸራተት ነው። ድምፁም ፍጥነቱም ተቆራርጦ ከወረደ ነዳጅ ነው። ያኔ ቆማችሁ የታንኩን ክዳን ክፈቱ። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ወዲያው ከተመለሰ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። ሳይቆራረጥ፣ ለስለስ ብሎ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚደክም ከሆነ ደግሞ የአየሩ መሳሳት ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከ10 በመቶ ያላነሰ ጉልበት ይቀንሳል። ፉታ 903 ሜትር ስለሆነ ይህ ብቻውን ስኩተርህን አያቆመውም። አዲስ አበባ ላይ 125 የሚነዱት ግን ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ሁልጊዜ እንደጎደላቸው ነው የሚሄዱት።

ወደ ቺንጋው እንመለስ። አውቶማቲክ ስኩተር ማርሽ የለውም። ከፊት ከሞተሩ ዘንግ ላይ አንድ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ባለ ሁለት ግድግዳ መሽከርከሪያ) አለ፤ ቫሪያቶር የሚባለው እሱ ነው። ከኋላ ሌላ አለ። በመካከላቸው ሰፊ የጎማ ቺንጋ ይዞራል። የፊተኛው ፑሌጃ ውስጥ ሩሎዎች፣ ማለትም ትንንሽ ተንከባላይ ክብደቶች አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ሩሎዎቹ ወደ ውጭ እየተገፉ ፑሌጃውን ያጠቡታል፤ ቺንጋው ወደ ጠርዙ ይወጣል፣ ስኩተሩም ይፈጥናል። ዳገት ሲመጣ የኋላው ፑሌጃ በስፕሪንጉ ኃይል ቺንጋውን መልሶ ወደ ራሱ ይስባል። ማርሽ ቀነሰ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ቺንጋው የፑሌጃውን ሁለት ግድግዳ ጥርቅም አድርጎ ሲይዝ ነው። ቺንጋው ጎኑ ተበልቶ ከጠበበ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ይግላል፤ በጋለ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይንሸራተታል። የሚሸታችሁ እሱ ነው። ሃያ ደቂቃ ሲያርፍ የሚመለሰውም ስለቀዘቀዘ ነው።

ከተማ ውስጥ ለምን አይታይም? ከመብራት መብራት ስትሄድ ጫናው አጭር ነው፤ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ከቦሎኛ በፒያኖሮ፣ በሎያኖና በሞንጊዶሮ አድርገህ ራቲኮዛ ጫፍ እስክትደርስ ግን ከ50 ሜትር ከፍታ ተነስተህ ወደ 970 ሜትር ትወጣለህ። ሁለት ሰው፣ ሻንጣ፣ የበጋ ሙቀት፣ እስከ መጨረሻው የተከፈተ የነዳጅ መስጫ። ደካማ ቺንጋ የሚጋለጠው እዚያ ነው።

የቺንጋ ዕድሜ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ብዙዎቹ 125ዎች ከ10 ሺህ እስከ 24 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ቀይሩ ይላሉ። ያንተ 26 ሺህ ሄዷል። መቼ እንደተቀየረ ደግሞ አልነገርከኝም። የቀድሞው ባለቤት ደረሰኝ ካልሰጠህ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። በድንገት ቢበጠስ ሞተሩ እየጮኸ ስኩተሩ መሄድ ያቆማል። አንዳንዴም ቁርጥራጩ ተጠምጥሞ የኋላ ጎማውን ሊይዘው ይችላል። ኩርባ ላይ፣ ሁለት ሆናችሁ፣ ይህ እንዲደርስባችሁ አልፈልግም። ሰው አፈናጥጠህ አትውጣ ያልኩህ ለዚህ ነው።

አሁን ጋራዥ ስትሄድ «ደከመብኝ» ብቻ አትበል። «ቺንጋው ይንሸራተታል፤ ክዳኑን ክፈቱና እኔም ልይ» በል። ክዳኑ ሲከፈት አጠገቡ ቁም። የምታያቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ቺንጋውን አጥፈው ውስጡን እይ። ስንጥቅ ካለ አልቋል። ጎኑ እንደ መስታወት ካበራ ተቃጥሏል። ስፋቱ በካሊፐር ይለካ፤ ዝቅተኛው ወሰን በስኩተሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል። ከአዲሱ ጋር ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ 1 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ በዓይን አይተህ «ደህና ነው» ብትባል አትቀበል። ቺንጋው ላይ ዘይት ወይም ቅባት ካለ ደግሞ አዲስ መግጠም ብቻውን ዋጋ የለውም። ወይ የሞተሩ ዘንግ የዘይት መከላከያ ጎማ ያፈሳል፣ ወይ ከኋላ ፑሌጃ ቅባት ወጥቷል። መጀመሪያ ምንጩ ይዘጋ።

ሩሎዎቹ ይውጡ። ድብልብል መሆን አለባቸው። አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ ከሆነ ሁሉም አብረው ይቀየሩ። ክብደታቸው ፋብሪካው ካለው ግራም ጋር አንድ ይሁን። ቀለል ያለ ሩሎ ዳገት ላይ ይረዳል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ግን ሞተሩ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይዞራል፣ ነዳጅም ይበላል። መጀመሪያ በፋብሪካው ክብደት ሞክረው። ሩሎዎቹ ላይ መመሪያው ካላዘዘ በቀር ቅባት አይቀባም።

ፍሪሲዮኑን ሳያዩ አይዝጉት። ከበሮው በሙቀት ሰማያዊ ከሆነ፣ ሸራዎቹም ካበሩ፣ እሱም ይንሸራተት ነበር ማለት ነው። ውፍረታቸው ገና ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሸት ይበቃል። ካለቁ ይቀየሩ። የፍሪሲዮን ሽታ የተቃጠለ ፍሬን ዓይነት ነው፣ የቺንጋ ግን ጎማ ጎማ ይላል። ስለዚህ ያንተ ዋናው ቺንጋው ይመስለኛል።

ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር ልንገርህ። ይህ የጎን ክፍል የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። የፊተኛው ፑሌጃ ጀርባ ላይ ማራገቢያ ክንፎች አሉ፤ አየር ከውጭ ይስባሉ። አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ በብዙ ስኩተሮች ስፖንጅ ፊልትሮ አለ። የገጠር አቧራ፣ ከላዩ የቺንጋው ጥቁር ብናኝ ሲጨመርበት ይደፈናል። አየር ካልገባ አዲሱም ቺንጋ በአንድ በጋ ያልቃል። ስፖንጁ ይታጠብ ወይ ይቀየር። ውስጡ ያለው ብናኝም በብሩሽና በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ይጽዳ፤ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ። «ቺንጋ ቀየርኩ፣ ግን በዓመቱ ያው ሆነ» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ቀዳዳ ማንም አላየላቸውም።

ራስህ ልትሠራው ካሰብክ አንድ ማስጠንቀቂያ። አዲሱን ቺንጋ ስትገጥም የኋላውን ፑሌጃ በእጅህ ከፍተህ ቺንጋውን ወደ ውስጥ አስጠልቀው፤ ከፊት በኩል ላላ እንዲል። እንዲህ ካላደረግክ የፊተኛውን ፑሌጃ ዳዶ ስታጠብቅ ቺንጋው በሁለቱ የፑሌጃ ግድግዳዎች መካከል ይቆነጠጣል። ዳዶው የጠበቀ ይመስልሃል። ትንሽ ስትሄድ ቺንጋው ወደ ቦታው ሲመለስ ዳዶው ይላላል፣ የዘንጉን ጥርስም ይበላዋል። ያ ጥገና ብዙ ገንዘብ ነው። ፑሌጃ መያዣና ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ከሌለህ ለባለሙያ ተወው። ቺንጋው ላይ ቀስት ካለ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ይሁን። ቅባት ባለበት እጅም አይነካ።

ከተሠራ በኋላ ወዲያው ሲዬና አትሂድ። መጀመሪያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ረጋ ብለህ ንዳው። ከዚያ ብቻህን እስከ ሎያኖ ውጣ፤ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታውም 700 ሜትር አካባቢ። እዚያ ቆመህ አሽትት። ምንም ከሌለ በሚቀጥለው ሳምንት ከባለቤትህ ጋር ድገመው።

አነዳድህም ድርሻ አለው። ቺንጋውንና ፍሪሲዮኑን የሚያቃጥለው ቀስ እያሉ ሙሉ ነዳጅ መስጠት ነው። ፉታ ላይ እሁድ እሁድ ብስክሌተኛ ብዙ ነው። ከኋላቸው ተጣብቀህ አትንፏቀቅ፤ ርቀት ተው፣ መንገዱ ሲከፈት እለፍ። ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ሲመጡብህ ቀኝህን ይዘህ አሳልፋቸው። ዳገት ላይ ስትቆም ስኩተሩን በነዳጅ አትያዘው፣ በፍሬን ያዘው። ጫፍ ላይ ስትደርስ ደግሞ ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ። አንድ ሁለት ደቂቃ ባለበት ይዙር። ማራገቢያው ይሠራል፣ ጫና ግን የለም፤ ከማጥፋት ይልቅ ቶሎ ያቀዘቅዘዋል። ፉታ ላይ ከ30 ሺህ በላይ ወታደሮች ያረፉበት የጀርመን መቃብር አለ። ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ ለእናንተም ለስኩተሩም ጥሩ ማረፊያ ይሆናል።

ቁልቁለቱን አትናቀው። አውቶማቲክ ስኩተር በሞተር የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው። ፍጥነትህ በጣም ከወረደ ፍሪሲዮኑ ይለቅና በነጻ መንከባለል ትጀምራለህ። ያኔ ትንሽ ነዳጅ ነካ አድርገህ መልሰው። ሁለቱንም ፍሬን ተጠቀም፤ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ እንጂ ጨብጠህ አትውረድ። የፍሬን ዘይቱ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ከጉዞው በፊት ይቀየር።

የጎማ ነፋስ ጠዋት፣ ሳይሞቅ ይለካ። ለሁለት ሰው የኋላው ከፍ ይላል፤ ቁጥሩ መመሪያው ላይ አለ። ከባዱን ዕቃ ከመቀመጫው ሥር አድርገው። የኋላ ሣጥኑ ውስጥ ቀላል ነገር ብቻ፤ የሚችለው ክብደት ውስጡ ተለጥፏል። የሞተር ዘይትም ነዳጅ በሞላህ ቁጥር እይ። የዚህ ሞተር ዘይት ጠቅላላው 1 ሊትር ገደማ ነው፤ ትንሽ ቢጎድል ብዙ ነው።

ስለ መንገዱ። ከፊሬንዜ እስከ ሲዬና በኪያንቲ በኩል፣ በግሬቬና በካስቴሊና አድርገህ ሂድ። ለስኩተር የሚመች መንገድ ነው። ስትመለሱ ፉታን ካልፈለጋችሁ በፒስቶያ ወጥታችሁ በፖሬታ ውረዱ። እዚያም አንድ ጥሩ ዳገት አለ፤ ካለፋችሁት በኋላ ግን የሬኖን ወንዝ ይዛችሁ እስከ ቦሎኛ አካባቢ ትወርዳላችሁ።

አንድ ነገር አደራ። ጥገናውን በጁላይ ጨርስ። በኦገስት 15 ዙሪያ አብዛኛው ጋራዥና መለዋወጫ መሸጫ ይዘጋል። አዲስ ትርፍ ቺንጋም ገዝተህ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጥ። መንገድ ዳር ራስህ አትገጥመውም፤ ነገር ግን የትንሽ ከተማ መካኒክ ላንተ ስኩተር የሚሆን ቺንጋ ላይኖረው ይችላል። ካለህ በአንድ ሰዓት ይሸኝሃል። ኢንሹራንስህም የመንገድ ላይ እርዳታ ይጨምር እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቅ።

ቺንጋው ተቀይሮ፣ ስፖንጁ ጸድቶ፣ ሎያኖ ላይ ሽታው ከተመለሰ ጻፍልኝ። ያኔ የምናየው የኋላውን ፑሌጃ ነው። ውስጡ ያሉት ፒኖች ቅባት ካለቀባቸው ዳገት ላይ ቺንጋውን መልሶ መሳብ ያቅተዋል። የሩሎዎቹንና የአሮጌውን ቺንጋ ፎቶም አብረህ ላክልኝ፤ አሮጌውን ዕቃ እንዲሰጡህ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ንገራቸው።