ክሱን ጻፉ፣ ፍርዱን ለተጋጣሚ ተዉት

ባለፈው ክረምት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ቤታችን ቡና ተፈልቶ ነበር። ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አቦሉ ሳይቀዳ ብድግ አለችና «ጋሼ፣ እርስዎ ጠበቃ ነዎት፤ እስቲ ይህን ይፍረዱኝ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

እሷና ጓደኞቿ ቴሌግራም ላይ በጽሑፍ የሚጫወቱት ሮልፕሌይ አላቸው። እያንዳንዱ የራሱን ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል። አንዱ ጦረኛ ነው፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ዘንዶ ጋላቢ። ከዚያ በተራ እየጻፉ ይዋጋሉ። የእሷ ጦረኛ በጋሻዋ የታወቀች ናት። ለዚች ጦረኛ ሁለት ወር ሙሉ ታሪክ ስትጽፍላት ከርማለች። ያን ቀን ተጋጣሚዋ አንድ መስመር ላከ። «ሰይፌ አንገቷን ቆረጠው። ሞተች።» በቃ፣ አለቀ።

ደሴ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ችሎት ፊት ቆሜያለሁ። መስመሩን ሳነብ ጥፋቱ ወዲያው ታየኝ። ልጁ በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሆኗል። ክስ መጻፍ ሲገባው ፍርድ ጻፈ።

ይህን እናንተ ሮልፕሌይ የምትጫወቱ ልጆች ጎድሞዲንግ ትሉታላችሁ አሉ። ለእኔ ግን የቆየ ጥፋት ነው። አባቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ አስቡት። ከሳሽ ነጠላውን አደግድጎ ይቆማል። «ተጠየቅ» ይላል፤ ያኛው «ልጠየቅ» ይላል። አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ሹም ዳኛ በአጠገብ ከሌለ መንገደኛ አስቁመው ዳኘን ይሉት ነበር። ሙግቱ የቃል ውጊያ ነው። ተረቱ፣ ምሳሌው፣ ግጥሙ ይወርድበታል፤ ሰው ሊሰማ ይሰበሰባል። ግን ተሟጋቹ የቱንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን «ረትቻለሁ» ብሎ ለራሱ ፈርዶ ወደ ቤቱ አይሄድም።

«ሰይፌን ወደ አንገቷ ሰነዘርኩ» ክስ ነው። «አንገቷ ተቆረጠ» ፍርድ ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ ግሥ ብቻ ነው። ሰነዘርኩ፣ ቃጣሁ፣ አነጣጠርኩ፣ ወረወርኩ፤ እነዚህ የናንተ ናቸው። መታሁት፣ ወጋሁት፣ ገደልኩት የሚሉትን ግን ለተጋጣሚያችሁ ተዉለት። የደረሰበትን የሚናገረው እሱ ነው። አማርኛችን ለዚህ የታደለ ነው። ሊመታ ቃጥቶ ስለተወ ሰው፣ ሰንዝሮ ስለሳተ ሰው፣ ጨርፎ ስላለፈ ምት የተለያየ ቃል አለን። ተጠቀሙበት።

ምቱን የሚቀበለውም ግዴታ አለበት። ችሎት ላይ ሁሉን የሚክድ ተከራካሪ አይቻለሁ። ሰነድ ሲቀርብበት ይክዳል። ምስክር ሲናገር ይክዳል። ፊርማው ሲታይ ይክዳል። እንዲህ ያለው ሰው እውነት ሲናገር እንኳ የሚያምነው ያጣል። ጨዋታ ላይም ሁሉን ምት የሚያመልጥ ገጸ ባሕርይ አለ። ቀስት ሲወረወር ይጎነበሳል፣ እሳት ሲመጣ ይበራል፣ ሰይፍ ሲሰነዘር ይሰወራል። ከእሱ ጋር መጫወት ከግድግዳ ጋር መሟገት ነው። አንዳንዱን ምት ተቀበሉ። ቁስሉም እስከ ጨዋታው መጨረሻ አብሯችሁ ይሂድ።

ሌላው ችግር ሜታጌሚንግ የምትሉት ነው፤ እናንተ የምታውቁትን ገጸ ባሕርያችሁም እንደሚያውቅ አድርጎ መጻፍ። ዳኛ ገበያ ላይ በዓይኑ ያየውን ይዞ አይፈርድም፤ መዝገቡ ላይ በቀረበው ነው የሚፈርደው። የተጋጣሚያችሁ ጦረኛ ጉልበቷ ላይ የቆየ ቁስል እንዳለባት በታሪኳ አንብባችሁ ይሆናል። ገጸ ባሕርያችሁ ግን አላነበበም። ስታነክስ ካላየ አያውቅም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። የምትጽፉት መሣሪያ ክብደት ይኑረው። ለዚህ መቅደላን አስታውሱ። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ከደብረ ታቦር ተነስቶ በ1860 መቅደላ እስኪደርስ በሰው ጉልበት ተጎተተ። መንገድ እየተጠረገለት፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርዶ እየወጣ፣ ወራት ፈጀ። ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ። ልብ በሉ፣ ስለ ሴባስቶፖል ስናወራ የምናወራው ስለ ተኩሱ አይደለም፤ ስለ መንገዱ ነው። ስለ ገመዱ፣ ስለ ላቡ፣ ስለ ዳገቱ። አስማተኛችሁ በአንድ ቃል ተራራ የሚያፈርስ ከሆነ ማንም አያስታውሰውም። ያንን ቃል ለመናገር ሦስት ቀን ድምፁን የሚያጣ ከሆነ ግን ስሙ ይቀራል።

ስፍራውንም ከአገራችሁ ውሰዱ። አብዛኞቻችሁ የምትጽፉት ጌም ላይ ስላያችሁት የድንጋይ ቤተ መንግሥት ነው። እሱም ይሁን። ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በጉም ውስጥ የወረደ ልጅ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም። አምባሰል ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ቀስተኛ ከታች ያለውን ሁሉ ያያል። ጉም ሲወርድ ደግሞ ከፊቱ የቆመውን አያይም። ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ የፈጠራ ስንቅ ማለት ይህ ነው።

በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለ የሮልፕሌይ ጨዋታ ይህን የፍርድ ጣጣ በሁለት ነገር ፈታው። አንዱ ጨዋታውን የሚመራ ሰው ነው፤ ሌላው ባለ 20 ገጽ ዳይ፣ ማለትም ተወርውሮ ቁጥር የሚያወጣ ጠጠር። ምቱ ማግኘት አለማግኘቱን የሚወስነው ዳይው ነው። እናንተ በጽሑፍ ብቻ ስትጫወቱ ዳይም መሪም ላይኖር ይችላል። እንግዲያው ውጊያው ሳይጀመር ተስማሙ። ገጸ ባሕርይ ይሞታል ወይስ አይሞትም? ብንጣላ ማን ይዳኘን? ከጓደኞቻችሁ አንዱን በሁለታችሁ ፈቃድ ምረጡ። እንደዚያ መንገደኛ ቆሞ ይስማችሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልቤን የያዘው ግን ሌላ ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙዎቻችሁ ልጆች ነበራችሁ። ስለዚህ ጨዋታ መጀመሪያ ስሰማ ደነገጥኩ። እውነተኛውን ያየ ልጅ እንዴት ለጨዋታ ይዋጋል? የእህቴን ልጅ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እዚህ ተራ ይደርሰኛል» አለችኝ።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያኔ ማንም ተራ አልሰጠንም። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ተጋጣሚያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቤት መቃጠል ይጻፍ? ሬሳ ይገለጽ? የልጅ ሞት ይግባ? «አልፈልግም» ካለ ምክንያቱን አትጠይቁት። ስክሪኑ ማዶ ያለው ምን እንዳሳለፈ አታውቁም።

ልጅ ሳለሁ የገና ጨዋታ ስንጫወት የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ አንድ ሜዳ ላይ ነበርን። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ዱላው ቅልጥማችንን ሲያገኘው እያነከስን እንስቅ ነበር። ግን አንዱ ክፉኛ ሲጎዳ ጨዋታው ይቆማል፤ ሁላችንም ዙሪያውን እንቀመጣለን። እናንተም ገጸ ባሕርያችሁን ለአፍታ አስቀምጣችሁ፣ በራሳችሁ ስም «ደህና ነህ?» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

ያን እሁድ የእህቴ ልጅ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ስድብ አልመለሰችም። ከጨዋታው ወጥታ ጻፈችለት። «ወንድሜ፣ ምቱን ሙከራ አድርገህ ጻፈው። የደረሰብኝን እኔ እጽፍልሃለሁ። አላታልልህም።» ልጁ ቆየ። ከዚያ መስመሩን አጥፍቶ እንደገና ላከው። «በጉሙ ውስጥ ሰይፌን ወደ አንገቷ ሰነዘርኩ።»

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀዳ ድረስ ጻፈች። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችልን። ጦረኛዋ ጭቃው አንሸራተታት። ሰይፉ አንገቷን ስቶ የጋሻዋን ማንገቻ በጠሰው። ያ የታወቀችበት ጋሻ ድንጋይ ለድንጋይ እየተጋጨ ገደል ገባ። እሷ ባዶ እጇን ቆማ ቀረች።

ልጁ ወዲያው በገጸ ባሕርዩ አልመለሰም። መጀመሪያ በራሱ ስም አንድ መስመር ላከ። «ጋሻው ሲወድቅ ድምፁ ተሰማኝ» ይላል።